መልኩ ተለወጠ እንጂ ያው ነው፦ የአካላዊ ለውጥ ዳሰሳ ከማጀት እስከ ላሊበላ

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በሳይንስ ፈተና ላይ የሳትኩት አንድ ጥያቄ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። «ከሚከተሉት ውስጥ አካላዊ ለውጥ የሆነው የቱ ነው?» ይላል። ከምርጫዎቹ አንዱ «እንጨት መፍለጥ» ነበር። እኔ ደግሞ በደብተሬ የጻፍኩትን ሕግ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ አካላዊ ለውጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ኬሚካዊ ለውጥ አይመለስም። የተፈለጠ እንጨት ተመልሶ ግንድ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ስለዚህ እንጨቱን ትቼ ሌላ መረጥኩ፤ ስህተት ሆነብኝ። አስተማሪያችንን ብጠይቅ «መፍለጥ አካላዊ ነው፣ እንደዚያ ያዘው» ከማለት ሌላ ምክንያት አላገኘሁም።

ያ ሕግ ዛሬም አልሞተም። በቅርቡ የእህቴን ልጅ ሳስጠና ያንኑ ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት፣ በደብተሯ ላይ አገኘሁት። ሕጉ ለበረዶና ለቅቤ ይሠራል፤ ለእንጨት፣ ለድንጋይና ለዱቄት ግን አይሠራም። በአንጻሩ ወደ ነበሩበት የሚመለሱ ኬሚካዊ ለውጦች አሉ። የመኪና ባትሪ በየቀኑ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ኃይል ሲሰጥ በውስጡ ያሉት ነገሮች ወደ ሌላ ውህድ ይለወጣሉ፣ ሲሞላ ደግሞ ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ። መመለስ አለመመለስ እንግዲህ መለያ ሊሆን አይችልም። ለልጆቻችን ልናስተምራቸው የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ከለውጡ በኋላ የቀረው ነገር ያው ነው ወይስ ሌላ?

ውሃን እንውሰድ። በረዶም ቢሆን፣ ፈሳሽም ቢሆን፣ እንፋሎትም ቢሆን፣ ሁለት የሃይድሮጅንና አንድ የኦክስጅን አቶም የተያያዙበት ያው ሞለኪውል ነው። የሚለወጠው የሞለኪውሎቹ አቀማመጥና እንቅስቃሴ ነው። በበረዶ ውስጥ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ይንቀጠቀጣሉ፤ በፈሳሽ ውስጥ እየተሻሹ ይንሸራተታሉ፤ በእንፋሎት ውስጥ ደግሞ ተራርቀው ይበራሉ። የተፈለጠ እንጨትም እንዲሁ ነው። ምሳሩ የሚለያየው ጭረትን ከጭረት ነው፤ እንጨቱ የተሠራበት ነገር እንዳለ ነው። እንጨቱ ከተቀጣጠለ ግን ሌላ ታሪክ ይጀምራል። አመድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ እንጨት የሚባል ነገር የለም። በመማሪያ መጻሕፍት አንዳንዴ «ፊዚካዊ ለውጥ» የሚባለው የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ እኔ አካላዊ ለውጥ የሚለውን እመርጣለሁ፤ ነገሩ በአካሉ ላይ የሚያልፍ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራልና።

ከማጀት ልጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ከላያችን የሚጫነን አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሣው እንፋሎት ግፊት ከላይ ከሚጫነው አየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው፤ ከላይ ያለው ሸክም ከቀለለ እንፋሎቱ ቶሎ ያሸንፋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ በሚደርሰው ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ 85 ገደማ ይሆናል። ከባሕር ወለል በታች 125 ሜትር ያህል ዝቅ ባለው በዳሎል ደግሞ ከ100 በትንሹ ያልፋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ተጓዦች ይህን ስለሚያውቁ ቴርሞሜትር ይዘው ተራራ ይወጡ ነበር፤ ውሃ አፍልተው የሚፈላበትን ሙቀት በማንበብ የቆሙበትን ከፍታ ያሰሉ ነበር።

መጽሐፉ ግን «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብሎ ያልፋል። በአዲስ አበባ ላብራቶሪ ውስጥ ያለ ተማሪ ቴርሞሜትሩን በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ከትቶ 92 ሲያነብ፣ መሣሪያው ተበላሽቷል ወይም እኔ ተሳስቻለሁ ብሎ ያስባል። እውነቱን የተናገረው ቴርሞሜትሩ ነው። ይህን ስምንት ዲግሪ እናቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል፤ ቦሎቄና ሽምብራ ደጋ ላይ ለምን ቀኑን ሙሉ እንደሚንተከተክ የሚያስረዳው እሱ ነው። ምግብን የሚያበስለው የውሃው መንተክተክ አይደለም፤ ሙቀቱ ነው፤ ሙቀቱም 92 ላይ ቆሟል። በግፊት የሚያበስለው ድስት ሥራውን የሚሠራው እንፋሎቱን አፍኖ ከላይ ያለውን ሸክም በመጨመር ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታም ቢሆን በውስጡ ያለው ውሃ ከ110 ዲግሪ በላይ እንዲደርስ ያደርገዋል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የገባ ሰው ቦሎቄው ቶሎ ሲበስልለት ምድጃው የተሻለ ስለሆነ ይመስለዋል፤ ምድጃው ብቻ ሳይሆን የአየሩም ሸክም ተለውጦለታል።

ይህ ነገር የማገዶ ጥያቄም ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። በ1760ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በግላስጎው ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ብላክ አንድ ቀላል ነገር አስተዋለ። በረዶ እሳት አጠገብ ሲቀመጥ ቶሎ አይቀልጥም፤ እየቀለጠ ሳለም ሙቀቱ ከዜሮ አያልፍም። ሙቀት ይገባል፣ ቴርሞሜትሩ ግን አይንቀሳቀስም። ብላክ ይህን ድብቅ ሙቀት አለው። ገብቶ የሚጠፋ ይመስላል እንጂ አይጠፋም፤ ሞለኪውሎቹን ከተያያዙበት ለማላቀቅ ይውላል። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎጁል ይፈልጋል። ውሃን እንፋሎት ማድረግ ደግሞ ከዚያ እጅግ የከበደ ነው። በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስኪፈላ ለማድረስ 300 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል፤ ያንኑ ሊትር ሙሉ በሙሉ አትንኖ ለመጨረስ ግን ከዚህ ሰባት እጥፍ በላይ ይጠይቃል።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው። ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ማጋጋል ወጡን አያፈጥነውም። የተጨመረው እንጨት በሙሉ ውሃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይሄዳል፤ ድስቱ ውስጥ ያለው ሙቀት 92 እንደሆነ ይቀራል። ክዳን መክደንና እሳቱን መንተክተኩ እንዳይቋረጥ ያህል ብቻ ማሳነስ ያንኑ ሥራ በጥቂት ማገዶ ይሠራል። በሀገራችን አብዛኛው ቤተሰብ ዛሬም በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ያበስላል። እንጨቱን በጀርባዋ ተሸክማ ከጫካ የምታመጣ ሴት ይህን ሁለት መቶ ስድሳ ዓመት ያለፈውን እውቀት በሚገባት ቋንቋ ልታገኘው ይገባል፤ ከፈተና ጥያቄነት አውጥተን ወደ ምድጃዋ ካላደረስነው ምን ሊረባት ነው?

ውሃ ለመትነን ግን የግድ መፍላት አያስፈልገውም። ከውሃው ፊት ላይ ፈጣን የሆኑት ሞለኪውሎች ሁልጊዜ ያመልጣሉ፤ ሲያመልጡም ሙቀቱን ይዘው ይሄዳሉ፤ የቀረው ይቀዘቅዛል። የሸክላ እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ነው። ሸክላው በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ውሃው ወደ ውጭ ያዥጋል፣ ከላዩ ይተናል፣ የሚተንበትን ሙቀት ከውስጥ ካለው ውሃ ይወስዳል። ላስቲክ ጀሪካን ይህን አይችልም። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ እጃችን ላይ እናፈሰው የነበረው የአልኮል ሳኒታይዘር ያሳየን የነበረው ቅዝቃዜም ያው ነው። ቫልቩን በሙሉ ስንከፍተው የቡታጋዝ ሲሊንደር አካል የሚቀዘቅዘውና አንዳንዴ ጤዛ የሚያወጣው ለዚህ ነው፤ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ የተቀመጠው ጋዝ ሲተን ሙቀቱን ከብረቱ ይነጥቃል። ቁም ሳጥን ውስጥ የምናስቀምጠው ናፍታሊን ደግሞ ፈሳሽነትን ሳያይ ከጠጣር በቀጥታ ወደ ጋዝ ይሄዳል፤ ከወራት በኋላ ሽታው እንጂ ክቡ አይገኝም።

በተቃራኒው መንገድ የሚመጣውን የሰሜን ሸዋ ገበሬ በደንብ ያውቀዋል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር፣ መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቆ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በአየሩ ያለው የውሃ ተን ጠብታ ሳይሆን በቀጥታ ነጭ አመዳይ ሆኖ ሣሩ ላይ ይቀመጣል። ማለዳ ሲታይ ያምራል። የባቄላው ቅጠል ግን በውስጡ ያለው ውሃ ረግቷል፤ ውሃ ደግሞ ከብዙዎቹ ፈሳሾች ተለይቶ ሲረጋ መጠኑ ወደ 9 በመቶ ይጨምራል። ፍሪዘር ውስጥ ረስቼው የተሰነጠቀው የመስታወት ጠርሙሴ ይህን አስተምሮኛል፤ በቅጠሉ ውስጥ የሚፈጠረው በረዶም ሕዋሳቱን ይጎዳል። ፀሐይ ሲወጣ ውሃው ወደ ፈሳሽነቱ ተመልሷል፤ ቅጠሉ ግን ጠቁሮ ይወድቃል። አካላዊ ለውጥ ወደ ነበረበት ተመለሰ፣ ያደረሰው ጉዳት ግን አልተመለሰም።

የትነት ትልቁ ሥራ ያለው አፋር ውስጥ ነው። የዳናክል ረባዳ ምድር በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር እየገባበት ሲደርቅ ኖሯል። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ፤ ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል። ይህ በተደጋጋሚ ሲሆን ውፍረቱ በብዙ መቶ ሜትር የሚቆጠር የጨው ንጣፍ ተኝቷል። የአፋር ጨው ቆራጮች ከአሳሌ እየጠረቡ፣ በግመል ወደ በርሃሌና ወደ መቀሌ ሲልኩት የኖሩት አሞሌ ከዚህ የወጣ ነው፤ ይህ አሞሌ ለዘመናት ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። ጨውን ከውሃ ለመለየት ማቀዝቀዝ ብዙ አይረዳም፤ 100 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ 36 ግራም፣ ሲፈላም 39 ግራም ያህል ብቻ ነው የሚያሟሟው። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ውሃውን ራሱን ማባረር ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ከአፋር ፀሐይ የተሻለ ሠራተኛ የለም። ይኸው ጨው ለስደት በሄድንበት ሀገር በሌላ ሥራ ይገጥመናል። በሚኒያፖሊስ ክረምት ማለዳ ተነሥቶ ወደ ሥራ የሚሄድ ወገን መንገዱ ላይ ጨው ተበትኖ ያያል፤ ጨው የተቀላቀለበት ውሃ ከዜሮ በታች ወርዶም ስለማይረጋ ነው። ቅዝቃዜው ወደ 21 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲደርስ ግን የጨውም ኃይል ያልቃል።

ስለ አረቄ ሳላወራ ማለፍ አልችልም፤ ሁለቱን ለውጦች በአንድ ቤት ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያሳይ ሙያ እንደ እሱ የለም። ጥንስሱ ጌሾና ብቅል ይዞ ሲብላላ እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮልና ጋዝ ያወጣል፤ ያ ኬሚካዊ ለውጥ ነው። ድፍድፉ እሳት ላይ ወጥቶ፣ እንፋሎቱ በቧንቧው አልፎ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በተከበበው ዕቃ ውስጥ ሲጠራቀም ግን አንድም አዲስ ነገር አይፈጠርም። አልኮል በባሕር ወለል ግፊት በ78 ዲግሪ ገደማ፣ ውሃ በ100 ይፈላል፤ ባለሙያዋ የምትሠራው በዚህ ልዩነት ነው። መጀመሪያ የሚወርደው የበረታ ነው፣ እየቆየ ውሃ ይበዛበታል። አንዴ የወረደውን እንደገና ብታወጣው ዳግም ይሆናል። ደጋግማ ብታወጣውስ? ገደብ አለው። አልኮሉ በክብደት 95.6 በመቶ ሲደርስ ፈሳሹና እንፋሎቱ በይዘት ይመሳሰላሉ፤ ከዚያ በኋላ በማፍላት ብቻ መለየት አይቻልም። ብልሃቷ መቼ እሳቱን እንደምትቀንስና የሚያቀዘቅዘውን ውሃ መቼ እንደምትለውጥ ማወቁ ላይ ነው፤ እሳቱ ከበዛ ውሃውም አብሮ ይወጣባታል። ቴርሞሜትር ሳይኖራት ይህን በእጇና በአፍንጫዋ መለካቷ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ወተትም እንዲሁ ሁለቱንም መንገድ ይሄዳል። ወተት ሲረጋ ተሕዋስያን ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ይህ ኬሚካዊ ነው። ቅሉን ይዞ መናጥ ግን ሌላ ነው። በእርጎው ውስጥ ቅባቱ በስስ ሽፋን በተጠቀለሉ ጥቃቅን ጠብታዎች ተበትኗል፤ ሲናጥ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ጠብታዎቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ በመጨረሻም ቅቤው ተንሳፍፎ አሬራው ከሥር ይቀራል። ቅባቱ ቀድሞም የነበረ ነው፤ መናጥ ያደረገው መሰብሰብ ብቻ ነው። ቅቤው ሲነጠርም እንዲሁ፤ በውስጡ የቀረው ውሃ ይተናል፣ የወተቱ ዝቃጭ ከሥር ይቀራል። ኮረሪማውና ኮሰረቱ መዓዛቸውን ወደ ቅባቱ ያሟሟሉ። ቅቤ ቀስ በቀስ እየለሰለሰ ወደ 37 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል፤ እናት ለልጇ አናቷ ላይ ያኖረችላት ቅቤ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ወደ ግንባሯ የሚወርደው ለዚህ ነው። ከአዲስ አበባ ጠጣር ሆኖ የተላከ ቅቤ ጂዳ ሲደርስ ፈሳሽ ሆኖ ቢገኝ ያስደነግጣል እንጂ አልተበላሸም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ማር ላይ የምንሰጠው ፍርድ ነው። እናቴ የረጋ ማር አትገዛም ነበር፤ «ስኳር ተጨምሮበታል» ትላለች። ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል። አንድ ጊዜ አብሬያት ገበያ ሄጄ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ የረጋ ማራቸውን ይዘው ተቀምጠው ሳለ እናቴ ጣቷን ነክራ ቀመሰችና ተመለሰች። ሽማግሌው ድምፃቸውን ሳያነሡ «ልጄ፣ ብርድ ነው ያረጋው፤ እኔ ምን አደረግኩ?» አሉ። ያን ቀን አላመንናቸውም። እውነታቸውን ነበር። ማር በአብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ የተባሉ ስኳሮች በጥቂት ውሃ ውስጥ ተጨናንቀው ያሉበት ነገር ነው፤ ውሃው ሁሉንም ግሉኮስ ይዞ መቆየት አይችልምና ቀስ በቀስ እህል እህል እያለ ይረጋል። ይህ በጣም የሚፈጥነው 14 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የአዲስ አበባ አማካይ ሙቀት ከዚያ ብዙም አይርቅም። የአበባው ዓይነትም ወሳኝ ነው፤ ግሉኮስ የሚበዛበት ማር ቶሎ ይረጋል፣ ንጹሕነቱ ሳይጎድል። ዕቃውን ለብ ባለ፣ 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ መልሶ ያፈሰዋል። መርጋት በራሱ ስኳር ለመጨመሩ ማስረጃ አይሆንም፤ አለመርጋትም ንጹሕነትን አያረጋግጥም። አካላዊ ለውጥን እንደ ማጭበርበር ቆጥረን ስንት ሐቀኛ ገበሬ ዋጋ እንዳሳጣን ሳስብ ያ ሽማግሌ ይታዩኛል።

እውነተኛው ማጭበርበርም ቢሆን የአካላዊ ለውጥ ልጅ ነው፤ መቀላቀል። በርበሬ ላይ የተፈጨ ሸክላ፣ ቅቤ ላይ ባዕድ ነገር የሚጨምር ሰው ሁለት ነገሮችን ያቀላቅላል እንጂ አያዋሕድም። በድብልቅ ውስጥ እያንዳንዱ ጠባዩን ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህም ሊለይ ይችላል። በርበሬውን ውሃ በያዘ ብርጭቆ ላይ ብንነሰንስ ከባዱ የሸክላ ዱቄት ወደ ታች ይሰምጣል። ገበሬው አውድማ ላይ በመንሽ እያዘራ ፍሬውን ከገለባው የሚለየው፣ ባልትና የምትሠራው ሴት በወንፊትና በሰፌድ የምታበጥረው፣ ጠላ የሚጠለለው ሁሉ ይህንኑ ጠባይ ተጠቅሞ ነው። ክብደት፣ መጠን፣ መንሳፈፍ፣ መሟሟት፤ እነዚህ ልዩነቶች በድብልቁ ውስጥ አልጠፉም።

ቅርጽ ብቻ የሚለወጥበት ደግሞ አለ። የፈንዲሻን ያህል ልጆችን የሚያስደስት ማሳያ አላውቅም። በበቆሎው ፍሬ ውስጥ 14 በመቶ ገደማ ውሃ አለ፤ ጠንካራው ቅርፊት እንደ ግፊት ድስት ያፍነዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንሳይ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ኢማኑኤል ቪሮና አሌክሳንደር ፖኖማሬንኮ፣ ፍሬው የሚፈነዳው 180 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን በሙከራ አሳይተዋል። በዚያ ሰዓት በውስጡ ያለው ግፊት ከአየሩ አሥር እጥፍ ያህል ነው። ቅርፊቱ ሲሸነፍ እንፋሎቱ በቅጽበት ይስፋፋል፣ የለሰለሰው ስታርች እንደ አረፋ ተነፍቶ ወዲያው ይደርቃል። በቡናው ሥነ ሥርዓት ላይ አንድ ላይ ተቀምጠን ይህን ሁሉ እናያለን፤ ቡናው ሲቆላ ኬሚካዊ፣ ሲወቀጥ አካላዊ፣ ጀበናው ውስጥ ሲፈላ ጣዕሙ ወደ ውሃው ሲሟሟ አካላዊ፣ ስኳሩ ስኒ ውስጥ ሲጠፋም አካላዊ። ዕጣኑ ደግሞ ፍሙ ላይ ግማሹ ይተናል፣ ግማሹ ይቃጠላል።

አንጥረኞቻችን 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን የማርያ ቴሬዛ ብር፣ ጠገራ የምንለውን፣ እያቀለጡ መስቀልና ጌጥ ሠርተዋል። ሳንቲሙ 28 ግራም ይመዝናል፣ ከዚህም 83 በመቶ ገደማ ብር ነው። የንግሥቲቱ ምስል ጠፍቶ መስቀል ተገኘ፤ ብሩ ግን ብር ነው፣ ክብደቱም ያው ነው። የቅዱስ ላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ዓይን ሲታዩ ዓለም ካወቃቸው አካላዊ ለውጦች ታላላቆቹ ናቸው። በእሳተ ገሞራ የተፈጠረው ቀይ ዐለት በመዶሻና በመሮ ተጠርቦ ከተራራው ተለየ፤ አንድም ማዕድን ወደ ሌላ አልተለወጠም። ተጠርቦ የወጣውም ድንጋይ ተመልሶ አይገጠምም። የደብተሬ ሕግ እዚህ ጋ ነው ሙሉ በሙሉ የሚፈርሰው። ዛሬ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት የሚጎዳቸውም ከፊሉ አካላዊ ነው፤ ክረምት ሲረጥብ የሚያብጥ፣ በጋ ሲደርቅ የሚኮማተር ዐለት ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡትን እነዚህን ቤቶች ከዝናብ ለመከለል በ2008 በአንዳንዶቹ ላይ ትልልቅ ዳሶች ተተከሉ። ስንጥቁን የሚመልስ ግን የለም።

ድንበሩስ የት ነው? በእውነቱ ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይደለም፤ ይህንንም ለተማሪ መደበቅ አይገባም። ጨው ሲሟሟ የሶዲየምና የክሎራይድ አዮኖች ከተያያዙበት ይላቀቃሉ። ትስስር ተላቋልና ኬሚካዊ ነው የሚሉ አሉ፤ ውሃው ሲደርቅ ያው ጨው ይገኛልና አካላዊ ነው የሚሉት ደግሞ የመማሪያ መጻሕፍቱ ናቸው። እኔ ሁለተኛውን እቀበላለሁ፣ የመጀመሪያውንም አላንቋሽሽም። አሬራው እሳት ላይ ሆኖ አይብ ሲወጣው፣ እንቁላል ሲጠበስ፣ የፕሮቲኑ ክር ይፈታል፣ ከጎረቤቱም ጋር ይጠላለፋል፤ ክሩ ብዙ ሳይበጠስ ጠባዩ ለዘላለም ይለወጣል። ይህን በአንድ ቃል መፈረጅ ያስቸግራል። ጧፍ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ነበልባል ይዟል። ሰሙ 62 ዲግሪ ገደማ ላይ ቀልጦ ክሩን ይወጣል፣ ይተናል፣ ከዚያ ተኑ ይነዳል። ሳይንቲስቱ ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1860 መጨረሻ በለንደን ለልጆች ስለ ሻማ ተከታታይ ትምህርት የሰጠው ይህን አይቶ ነው፤ አንድ ሻማ ስድስት ትምህርት ሞላለት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከጧፉ ላይ የሚንጠባጠበውን ሰም ለቅመው እንደገና ጧፍ የሚያደርጉት አገልጋዮች የለቀሙት ያልነደደውን፣ ያው ሰም ሆኖ የቀረውን ክፍል ነው።

ኖራ ደግሞ ሕጉን ከሌላ ወገን ያፈርሰዋል። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለቆ ከክብደቱ 44 በመቶ ያጣል፤ ሌላ ነገር ሆኗል። ውሃ ሲጠጣ በኃይል ይሞቃል፣ ይፈርሳል። ከዚያ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በግንብ መካከል ሲገባ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ፣ በዓመታት ውስጥ፣ ወደ ኖራ ድንጋይነቱ ይመለሳል። የጎንደር ግንቦች ድንጋዮች የተያያዙት በዚህ ዓይነት ኖራ ነው። ሙሉ በሙሉ ኬሚካዊ፣ ግን ዞሮ ከጀመረበት የደረሰ።

የእህቴን ልጅ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ወደ አንዲት ሸክላ ሠሪ ቤት ይዣት ሄድኩ። እትዬ ትናንት የሠራችውና ሳይተኮስ የተሰበረ ድስት ከበር ጥግ ተቀምጧል። ልጅቷ ቁራጩን ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ ከተተችው፤ ጥቂት ቆይቶ ለሰለሰ፣ ፈረሰ፣ ጭቃ ሆነ። ከዚያ ባለፈው ሳምንት እሳት ከነካው ድስት የተገኘ ገል ከተተች። እሱ እንደ ገባ ወጣ። «ምን ሆኖ ነው?» አለች። እትዬ እጇን ከጭቃው ሳታወጣ «እሳት ገብቶበታል፣ ከእንግዲህ አፈር አይደለም» ብላ መለሰችላት። በእሳቱ ከ500 ዲግሪ በላይ ሲደርስ በሸክላው ማዕድን ውስጥ የተያያዘው ውሃ ተነቅሎ ወጥቷል፤ ጭቃነቱ ለዘላለም ሄዷል። እትዬ ግን ገሉን አልጣለችውም። በድንጋይ ላይ አድርጋ ፈጨችው፣ በወንፊት ነፋችው፣ ነገ ለምትሠራው ድስት እንዳይሰነጠቅ ከአዲሱ ጭቃ ጋር አቦካችው። ልጅቷ ደብተሯን አውጥታ «መፍጨት» ብላ ጻፈች፤ ከጎኑ ምን እንደምትጽፍ ትንሽ ካሰበች በኋላ «ገሉ ገል ነው» አለችና ጨመረች።